የአራቱ ወንበሮች ግብር

የምተዳደረው የሰው ግብር በማስላት ነው። አንድ ሠራተኛ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር መሥሪያ ቤቱ ከሚከፍልለት ወጪ የትኛው እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብር እንደሚነካው፣ የትኛው እንደማይነካው የምለየው እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ በዚህ ጉዳይ ቃሌን እንደ ወንጌል ይቀበላሉ። የእናቴ ወንድም ግን አንድም ቀን አምነውኝ አያውቁም።

ባለፈው ሰመር ተራው የራሴ ሆነና መሥሪያ ቤቴ ከኦታዋ ወደ ቶሮንቶ አዛወረኝ።

አጎቴ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጡ፣ እስከ ዛሬም ሪጀንት ፓርክ የሚባለውን የቶሮንቶ ሰፈር ያልለቀቁ ሰው ናቸው። ቶሮንቶ ውስጥ እሳቸው ዕቃውን ያላጓዙለት አበሻ ካለ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት። አሮጌ ቫን አላቸው፤ ገመድ አላቸው፤ ዕቃ እንዳይፋቅ የሚጠቀልሉባቸው ያረጁ ብርድ ልብሶች አሏቸው። አንድ ጊዜ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ከሚገኝ ሕንፃ ሊፍት ተበላሽቶ ሶፋ በደረጃ አውርደዋል። ይህን ታሪክ ያልሰማ የለም፤ ፎቁም በየዓመቱ ይጨምራል። ለድካማቸው ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ካለ ደግሞ ወዮለት፣ ዓመት ሙሉ ያኮርፉታል።

ከዚያ ሰመር በፊት በነበረው የበረዶ ወራት ግን ልባቸውን ታከሙና ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሱ ከለከላቸው። ወሬው ተዛመተ፤ ሰው ሁሉ አዝኖላቸው መደወል አቆመ። ለፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ ፓርኪንጉ ላይ ቫኗን አጥበው፣ ማንም ያልተጠቀመበትን ገመድ ፈትተው እንደገና ሲጠቀልሉ አገኘኋቸው። አንጀቴን በሉት። በሽታው ሳይሆን የስልኩ ዝምታ ነበር ያስረጃቸው።

የዝውውሬን ዜና በስልክ ስነግራቸው ድምፃቸው በአንድ ጊዜ ወጣት ሆነ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ሰዉን ልሰብስብ? መቼ ነው ፒክ አፕ የምናደርገው?»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይልፉ። ካምፓኒው ሙቨር ሃየር አድርጎልኛል። ራሳቸው ፓክ አድርገው ራሳቸው ያደርሱታል።»

ድምፃቸው መልሶ አረጀ።

«በባዳ?» አሉ። «ሰው እንደሌላት ሴት፣ ዕቃሽን ባዳ ያውጣው?»

እኔ መሥሪያ ቤት ይህ ጥቅማ ጥቅም ይባላል። አጎቴ ዘንድ ደግሞ ውርደት ነው። ቤት ሲቀይር ዕቃውን በገንዘብ የሚያስነሳ ሰው ወይ ከዘመድ ተጣልቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ሰው አልነበረውም። ብለምናቸውም አልሰሙኝም፤ «እሺ፣ እንዳልሽ» ብለው ዘጉት። የእሳቸው «እሺ» ጦርነት ማወጃ መሆኑን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት።

በማግስቱ ደወሉ።

«ስሚ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ዩቲዩብ ላይ ዋች አድርጌ ነበር። አማራጭ ዝቅተኛ ታክስ የሚባል ነገር አለ። ካምፓኒው ይከፍልልሻል፤ ከዚያ መንግሥት ይመጣና ያ ሁሉ ኢንካም ነው ይልሻል። ባዶ እጅሽን ያስቀርሻል። ቫኗ እያለች ምን አስጨነቀሽ?»

በሳቅና በንዴት መካከል ሆኜ አስረዳኋቸው። ያ ታክስ የተሠራው ገቢያቸው ትልቅ ሆኖ ተቀናሽ እየደረደሩ ግብራቸውን ወደ ታች ለሚያወርዱ ባለጠጎች ነው። መንግሥት የእነሱን ሒሳብ በሌላ መንገድ ደግሞ ያሰላና የሚበልጠውን ያስከፍላል። በዚያ በሁለተኛው ስሌት ሰው ከኪሱ አውጥቶ ከሚቀንሰው የመዛወሪያ ወጪ መንግሥት ግማሹን ብቻ ይቀበላል። እኔ ግን ከኪሴ የማወጣው ስለሌለ የምቀንሰውም የለኝም። መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ለአጓጓዦቹ የሚከፍለውም ደመወዝ ሆኖ አይቆጠርብኝም። ደግሞስ የእኔ ደመወዝ ከባለጠጋ ጋር ምን አገናኘው!

«አንቺ የምታውቂው ወረቀቱን ነው፤ የመንግሥትን ሆድ ማን ያውቃል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አዲስ መዓት ይዘው ይደውሉ ጀመር። «ግማሹን ብቻ» ያልኩትን ይዘው «ግማሽ ሶፋሽን ሊወስዱብሽ ነው» ያሉኝ ቀን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳቄን ጨረስኩ። ሳቄ ሲያልቅ ግን የሆነ ነገር ገባኝ። አጎቴን ታክስ አላስፈራቸውም። ያስፈራቸው የገዛ እህታቸው ልጅ እሳቸው ወዳሉበት ከተማ ስትገባ፣ እሳቸው ሳይነኩት ዕቃዋ ቤት መግባቱ ነው። ከዚህ በኋላ ማን ይጠራቸዋል?

ስለዚህ የሙያ ሥነ ምግባሬን ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ቼክ አድርጌ ነበር፣ ለካ ወንበር ታክስ አለው።»

«ወንበር?»

«የምግብ ጠረጴዛ ወንበር። አልጋው፣ ሳህኑ፣ ሶፋው ነፃ ነው። ወንበር ግን ካምፓኒው ካመጣው ያ እርስዎ ያሉት ታክስ ይይዘዋል። ዘመድ ካመጣው አይነካውም።»

ትንሽ አሰቡ። «ሶፋስ መቀመጫ አይደል?»

«ሶፋ ላይ ይተኛል፣ ጋሼ። ሕጉ እንደ አልጋ ነው የሚያየው።»

እንዲህ ያለውን ቅሌት አለቃዬ ብትሰማ ኖሮ በማግስቱ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። አጎቴ ግን «አልነገርኩሽም?» አሉ፤ የዝውውሬን ዜና ከነገርኳቸው ወዲህ ያልሰማሁት ወጣት ድምፅ ነበር።

አጓጓዦቹ ኦታዋ ላይ ሌላውን ዕቃ ሲጭኑ አራቱን ቀላል የእንጨት ወንበሮች በትንሿ መኪናዬ ጠቅጥቄ ሪጀንት ፓርክ አደረስኩና እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ኤግሊንተን ዌስት ሰፈር ካለው አዲሱ ሕንፃዬ በር ላይ ስንደርስ፣ የባቡር ሥራ ቁፋሮ ባጠበበው መንገድ ላይ የነበረችውን ብቸኛ የማራገፊያ ቦታ ቫኗ ያዘቻት። ትልቁ የጭነት መኪና ከኋላ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። አጎቴ ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘዋል፤ አንደኛው ጉልበታቸውን፣ ሌላኛው ዓይናቸውን የታከሙ ናቸው። ወንበሮቹ እያንዳንዳቸው በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ አውሬ ያመልጥ ይመስል በገመድ ተጠፍረዋል። ለዕቃ የተያዘልኝ ሊፍት እስከ ቀትር ብቻ ነው፤ ሦስቱ አዛውንቶች ግን የአንዱን ወንበር ቋጠሮ ለመፍታት ገና እየተከራከሩ ነበር።

የአጓጓዦቹ አለቃ፣ በሩን የሚሞላ የጃማይካ ልጅ፣ ወደ እኔ መጣ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«የእኔ ሰዎች ናቸው» አልኩት።

ሽማግሌዎቹን አየ፣ ወንበሮቹን አየ፣ ከዚያ ለልጆቹ ቁሙ የሚል ምልክት ሰጠ። እግዜር ይስጠው።

አጎቴ አንዱን ወንበር እኔም እንዳልነካው ከልክለው ራሳቸው ተሸከሙት። ሊፍቱ በር ላይ ሲደርሱ ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር። ምን ሠራሁ ስል፣ ወንበሩን ሊፍቱ ውስጥ አስቀመጡትና ተቀመጡበት። እንደ ዳኛ ተቀምጠው ወጡ። ላይ ከደረሱም በኋላ ሳሎኑ መሃል ያንኑ ወንበር አኑረው፣ «ስሎውሊ፣ ማይ ሰን! ግድግዳውን!» እያሉ የባዳዎቹን ሥራ በሙሉ መሩት። ያ ግዙፍ ልጅም «የስ፣ ሰር» እያለ ሶፋዬን እሳቸው ባዘዙት ቦታ አስቀመጠ። እኔ የፈለግኩት በመስኮቱ በኩል ነበር። እስከ ዛሬም እሳቸው ያዘዙት ቦታ ላይ ነው።

አጓጓዦቹ ሲሄዱ ከታች ካለው ምግብ ቤት የተጠበሰ ዶሮ አመጣሁና አራታችንም በአራቱ ወንበሮች ላይ ተቀምጠን በላን። ጉልበታቸውን የታከሙት ሰውዬ አጥንታቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ የምለው፣ ወንበር ታክስ አለው የሚሉት እውነት ነው? ልጄን ካምፓኒው ከቫንኩቨር እያመጣው ነው።»

አፌን ከፈትኩ። አጎቴ ቀደሙኝ።

«አለው እንጂ! እሷ የተማረችው እኮ ይሄንኑ ነው። ወንበሩን ሙቨር እንዳይነካው። እኔ አለሁ፣ ኮል አድርግልኝ።»

እኔ ዶሮዬን በላሁ።

ሊሄዱ ሲሉ እስከ ሊፍቱ ሸኘኋቸው። ጓደኞቻቸው ገቡ፤ እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ታክሴን የምትሠራልኝን ልጅ ጠይቄያት ነበር» አሉኝ። «ወንበርም፣ ሶፋም፣ ምኑም ታክስ የለውም አለችኝ።»

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። «ታዲያ ምነው ዝም አሉ፣ ጋሼ?»

«ወንበር እችላለሁ። ሶፋ ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ እውነቱን እነግርሽ ነበር» አሉና ገመዳቸውን በትከሻቸው አንግተው ገቡ።