ሦስተኛው ሳጥን

አጎቴ ይመር ያልሠራሁትን ጥፋት አነበበብኝ። አወራብኝ አላልኩም፤ ከወረቀት ላይ አነበበብኝ። በዚያ ንባብ የተነሳ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከገጠር ከኩታበር አምጥቶ ከተማ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ታናሽ ወንድሙ ይመር ቤት ያስቀመጠኝ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት እንድገባ ነው። ይመር ሠርግ ላይ ጊታር ይጫወታል፤ ከዘራችን የተማረ እሱ ብቻ ነበር። እኔ ግን ከጊታሩ ይልቅ አምፕሊፋየሩን ወደድኩ። ሲሞቅ የሚሸተው የአቧራና የቫርኒሽ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ዕቃው ሲታመም የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ለጠጋኙ ለጋሽ አሰፋ እንሰጠዋለን። የሚጭኑት ልጆች ማንበብ ስለማይችሉ ጋሽ አሰፋ በየዕቃው ጀርባ በቁጥሩ ፋንታ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ይቀባል። የኛ አምፕሊፋየር አንድ ነጥብ ነበረው፤ የስፒከር ሳጥኖቹ ሁለት ሁለት።

«አምፕሊፋየርና ሳጥን እንደ ሙሽሮች ናቸው፤ ዘር ሳይጠየቅ አይጋቡም» አለኝ አንድ ቀን። «የሳጥኑ ነጥብ ከአምፕሊፋየሩ ነጥብ እንዳያንስ። ሁለት ሳጥን አብረህ ከቀጠልክ ነጥቡ በግማሽ ይወርዳል። ስንት ሆነ?»

«አንድ።»

«ሦስተኛ ብትጨምርበትስ?»

«ከአንድ ያንሳል።»

«ያኔ አምፕሊፋየሩ ይነዳል። ጎሽ፣ የኔ አንበሳ! የቀረህ ፊደል ነው፤ እሱን መስከረም ላይ ትጨምርበታለህ።»

እንዲህ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚያም በኋላ ብዙ አልገጠመኝም።

ክረምቱ ሳይገባ ቦሩ ሜዳ ሠርግ ሄድን። ዳሱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሰዉ «አልተሰማም! ጨምር!» ይላል። ይመር ከሌላ ባንድ ሦስተኛ ሳጥን ተውሶ መጣ። ዞሬ ጀርባውን አየሁት፤ ሁለት ነጥብ።

«ጋሼ ይመር፣ ነጥቡ አይበቃም።»

«ዞር በል፣ አንተ ነጥብ ቆጣሪ!»

ጥቂት እንደተጫወቱ አምፕሊፋየሩ ላይ መዳፌን ባሳርፍ ፈጀኝ። «ጋሼ፣ በጣም ሞቋል!» ብል «ሙሽራውም ሞቆታል!» አለና ዳሱን ሁሉ አሳቀብኝ። ሳቁ ሳያልቅ ጭሱ ወጣ። ከበሮው ብቻ ቀረ።

ጋሽ አሰፋ ከሳምንት በኋላ ዕቃውን ሳይጠግን በሚኒባስ መለሰው፤ እጀታው ላይ ወረቀት በሲባጎ አስሮበታል። የዚያን ዕለት አባቴ ገብስ ይዞልን መጥቶ ነበር።

«እስቲ አንብበው፤ ምን ይላል?» አለው።

ይመር ወረቀቱን ብዙ አየው። ሠርጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት ታላቅ ወንድሙ ፊት ከበደው። «ልጁ ሽቦ ነቅሎ ነው ያቃጠለው ይላል» አለ።

«ወላሂ አልነካሁም፣ አባባ!»

«ወረቀት ይዋሻል እንዴ?» አለ አባቴ። እሱም እንደኔ አያነብም፤ ወረቀትን ያምን ነበር። በዚያው ቀን ወደ ኩታበር መለሰኝ። ትምህርት ቤቱም በዚያው ቀረ።

ካደግሁ በኋላ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባሁ፤ እዚያው በጎልማሶች ትምህርት ከልጆቼ እኩል «ሀ ሁ» አልኩ። ጋሽ አሰፋን ብፈልገው ሞቷል።

ዘንድሮ ለአረፋ ሆጤ ይመር ቤት ተሰብስበን አደርን። በማግስቱ ምንጣፍ ላወጣ አልጋ ሥር ጎንበስ ስል አምፕሊፋየሩን አገኘሁት። ወረቀቱ ከነሲባጎው አለ። ይመር ያልቀደደው ያኔ በዚህ ቤት ማን ያነበዋል ብሎ ይሆናል። አውጥቼ አባቴ ፊት ቁጭ አልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ «ይመር፣ ሦስት ሳጥን ቀጥላችሁበት ትራንስፎርመሩ ነዷል። ልጁ ነጥቡን ያውቃል፤ ሌላ ጊዜ እሱን ጠይቁት።»

ይመር አቀረቀረ። ሸምግሏል፤ ልናገረው ያዘጋጀሁትን ትቼ ወረቀቱን ወደ አባቴ አዞርኩት።

«ድገመው» አለ አባቴ። ደገምኩት።

«‹ልጁ› የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ጣቱን ይዤ ቃሉ ላይ አሳረፍኩለት። ብዙ ጊዜ አላነሳውም።

የዛሬ ስፒከር አምፕሊፋየሩን በሆዱ ይዞ ይመጣል። ልጆቼ ሶኬት ይሰኩና ያልቃል፤ ድምፁም ከኛው ይበልጣል። ዘር የሚጠይቅ የለም። ልጅ አስቀምጦ «ስንት ሆነ?» የሚልም የለም።

የኔ ክስ ያለቀው ግን ዘንድሮ፣ በአረፋ ማግስት፣ ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው።