እነ ጫልቱ ስክሪኑ ላይ

ዛሬ ሱሉልታ ላይ የመሥሪያ ቤታችንን የስልክ ሰርቨር ከዳታቤዝ ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ።

እሺ፣ ያገናኘችው ቴክኒሻኗ ሰላም ናት። እኔ ከጎኗ ቁጭ ብድግ ስል ነበር።

መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ወተት መሰብሰቢያችን ውስጥ እስከ ትናንት የበር ጥበቃ ነበርኩ። አለቃችን "የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ ካልክ፣ ገበሬ ሲደውል ስሙን ከስክሪኑ አንብበህ የወተት መኪና ላክለት። ካቃተህ ወደ በርህ ትመለሳለህ" ብሎኛል።

ስልኩ ጮኸ። ሰርቨሩ ቁጥሩን ይዞ ዳታቤዙን ጠየቀ፤ ስክሪኑ ላይ ስም ወጣ። በአንድ ትንፋሽ አንብቤ አነሳሁት።

"ወይዘሮ ጫልቱ፣ እንደምን አደሩ?"

"ጫልቱ ላም እያለበች ነው" አለኝ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። "እኔ ባሏ ነኝ፣ ኦቦ ለገሰ። ምነው ልጄ፣ ድምፄ ቀጠነብህ?"

ከኋላችን ቆሞ የሚሰማው አለቃችን በር በሩን አየ።

"አንተስ በትክክል ነው ያነበብከው" አለች ሰላም። "እኔ ነኝ ለአንድ ቁጥር አንድ ሰው ብቻ የመዘገብኩት።"

"እህቴ፣ በእኛ ሰፈር በአንድ ስልክ ቤቱ በሙሉ ነው የሚያወራው" አልኳት።

ሳቀችና አስተካከለችው። አሁን ኦቦ ለገሰ ሲደውሉ ስክሪኑ "እነ ጫልቱ ቤት" ይላል። እኔም መኪናውን ልኬላቸው ወንበሩ ላይ ነኝ፣ ቢያንስ እስከ ነገ።

እናንተ ቤት ስልኩ በማን ስም ነው፣ የሚያወራበትስ ማነው? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

"በአንድ ትንፋሽ" ያልኩትን ግን እርሱት። "ጫ" ላይ ቆሜ ስልኩ ሊዘጋ ነበር።