ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሁለት ኮቾች

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። በደሉ የጀመረውም ልጄ ሃይስኩል በሚጨርስበት ዓመት፣ በዲሴምበር፣ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም።

ባሌ ሞቷል። ስለ አሟሟቱ አልጽፍም፤ የማንም ጉዳይ አይደለም። እሱ ካለፈ ወዲህ ወንድሙ የቤታችን አፍ ሆነ። ማንም አልሾመውም፤ እኔም ወሎ ያደግሁ ነኝና ዝም አልኩ። ልጄ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ጥሎ የሚያስቆም ተከላካይ ነው። ኮሌጆች ለቡድናቸው ሊወስዱት መደወል ሲጀምሩ አጎቱ “ያንቺ ልጅ” ማለቱን ትቶ “ልጃችን” ይል ጀመር።

የመጀመሪያው ኮች፣ የአንድ ኮሌጅ አሰልጣኝ፣ ቤታችን የመጣ ቀን አጎትየው ሱፍ ለብሶ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቀድሞት ደረሰ። አንደኛው ሽማግሌ “ወንድ ልጅ እንደ ሴት ልጅ ሲጠየቅ ዛሬ ገና አየሁ፤ ጥሎሹንስ ማን ነው የሚያመጣው?” ብለው ሁላችንንም አሳቁን። የእኔ ሥራ ሻይና ሳምቡሳ ማቅረብ ነበር።

ኮቹ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ነገሩን ሳይሸፋፍን አስረዳ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ልጄ በሚሰለፍበት ቦታ ሊወስዱ የቀራቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላም ልጅ አነጋግረዋል፤ የሚያስቀድሙት ግን የእኔን ነው። የቤተሰቡ ልብ ከእነሱ ጋር መሆኑን ዛሬውኑ ቢሰማ ደስ ይለዋል። ልጄ አፉን ሊከፍት ሲል አጎቱ እጁን አነሳ።

“ሰምተናል” አለው። “እንመካከራለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ።”

በእኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ቤቱ አጥብቆ ቢፈልግም ይመልሰዋል፤ ጠያቂውም መመለሱን ያውቃል። ደግ ወግ ነው፤ እኔም ራሴ የተሰጠሁት በሦስተኛው ጥያቄ ነው። ኮች ግን አማች አይደለም። “እንመካከራለን” ሲሉት “ሌላ ትምህርት ቤት አላቸው” ብሎ ተረዳው። አመስግኖ ጫማውን አጠለቀ። ሳምንቱ ሳያልቅ ያኛው ልጅ ኮሚት አደረገ፣ እገባለሁ ብሎ ቃል ሰጠ፤ ፎቶውን ልጄ በስልኩ አሳየኝ።

ይህን እተወው ነበር፤ ሰው ይሳሳታል። ያልተውኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው። አጎትየው ፌርፋክስ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ሲበላ ሰዎች ስለ ልጄ ጠየቁት፤ እሱም “ቁመቱ አነሰባቸው። እናቱ ናት ያለ አቅሙ ሰው ፊት ያቆመችው” አለ። ምሳውን ያቀረበችለት ሴት ነገረችኝ። ወሬው ልጄም ጋ ደረሰና ልምምድ መሄድ አቆመ።

እኔ ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር የፓርኪንግ ካሸር ነኝ። በምሳ ሰዓት፣ ጨዋታ ስናይ አጠገቤ ለሚቀመጡ እናቶች እየደወልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ልጆቹ የሚመርጡት በዓይናቸው ነው፤ ትምህርት ቤቱ ማልያውን አልብሶ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ ስታዲየሙን ያሳያቸዋል፣ ልባቸው እዚያው ይቀራል። እናቶቹ የሚጠይቁት ሌላ ነው። በቦታው ከልጄ ቀድሞ የሚሰለፍ ማን አለ? ይሄ ኮች ከርሞ እዚያው ነው? ጉልበቱ ቢሰበር ስኮላርሺፑ ይቀጥላል? ልጇ አንድ ስመ ጥር ኮሌጅ ገብቶ ሳይሰለፍ የተመለሰባት እናት “ወደሚያሞግሰው አትላኪው፤ ወደሚያጫውተው ላኪው” አለችኝ።

ጃንዋሪ ላይ ሁለተኛው ኮች እንደሚመጣ ነገረን። ኮሌጁ ትንሽ ነው፣ ሩቅም ነው። አጎትየው ሰምቶ ደወለ።

“ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንመጣለን። አንቺ ሻዩን አዘጋጂ።”

“ጋሼ፣ እርስዎ አይምጡ።”

“የወንድሜ ቤት ነው።”

“ነበር። አሁን የእኔና የልጄ ነው።”

መጣ። ያንኑ ቀልደኛ ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ሽበት ከበር እንደማይመለስ ያውቃል። ሁለቱንም መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ፣ እኔ ከኮቹ ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ጥያቄዬን ጀመርኩ። ከልጄ ፊት አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አለ አለኝ፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ልጄ በአብዛኛው ተቀምጦ ያያል። ጉልበቱ ቢጎዳ ስኮላርሺፑ አይነካም፤ ውሉ ላይም ይጻፋል። ረመዳን ከልምምድ ጋር ሲገጥምስ ብዬ ጠየቅኩት። እንደማያውቅ፣ የሚጾም ተጫዋች ኖሮት እንደማያውቅ፣ ጠይቆ እንደሚደውልልኝ ነገረኝ። ከመለሰልኝ ሁሉ ይሄ “አላውቅም” ማለቱ ደስ አለኝ።

አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዲህ እኛ እንደ ቤተሰብ...”

“ጋሼ፣ የሚሄደው እሱ ነው። እሱ ይናገር።” ወደ ልጄ ዞርኩ። “ምን ትላለህ?”

ልጄ አጎቱን አላየም። “አንድ ዓመት መቀመጥ እችላለሁ” አለ። “ስለ ረመዳን የሚመልሰው ኦኬ ከሆነ ኮሚት አደርጋለሁ።”

ሽማግሌው “አላህ ያሳካልህ” ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። አጎትየውም መዘርጋቱ ግድ ሆነበት።

ኮቹ ሰኞ ደወለ። በረመዳን ልጄ ልምምዱን ካፈጠረ በኋላ እንዲሠራ ተስማምተዋል። ልጄ ፈረመ፤ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

በጁን ራሴ ድራይቭ አድርጌ ኮሌጁ አደረስኩት። ስመለስ አፓርታማውን ለቅቄ ካልቨር ሲቲ ባለ አንድ መኝታ ተከራየሁ። አድራሻውን ለባሌ ወንድም አልሰጠሁትም።