በሬው ያልተሸጠበት ቅዳሜ

ንፋስ መውጫ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሰሞኑን አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። መፈረም ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩላቸው። የቀለሙ ሽታ ወደ ስማዳ፣ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

ዝናቡ ቀርቶ አዝመራችን የደረቀበት ዓመት ነበር። ያለን አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እየተቀናጀ ያርስልናል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባዬ በሬውን ወደ ገበያ ሲነዳ እኔ ከኋላው እያለቀስኩ ተከተልኩ። መንገድ ላይ እማዬን ከቀበሌ ስትመለስ አገኘናት። አውራ ጣቷ ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል።

«ይመለስ፤ በሬው አይሸጥም» አለች።

«ምን ልንበላ?» አላት አባዬ።

እማዬ መቀነቷን ፈትታ የቋጠረችውን ብር አሳየችው። «እርዳታው ዘንድሮ በስንዴ ፋንታ በገንዘብ ሆነ። የሚያስፈልጋችሁን ራሳችሁ ግዙ አሉን።»

አባዬ ብሩን አልነካም። የበሬውን አንገት እያሻሸ «መሬቴን ለእኩል ከመስጠት ዳንኩ» አለ።

እኔ እኩል የሚባል ክፉ ሰው ያለ መስሎኝ፣ ገበያ በሄድን ቁጥር በዓይኔ እፈልገው ነበር። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለሌላ አራሽ ሰጥቶ ምርቱን እኩል እንደሚካፈል የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

በቀጣዩ ክረምት አባዬ መሬቱን ራሱ አረሰ፤ እኔም መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባሁ።

ገንዘቡን ማን እንደላከው እስካሁን አናውቅም። እማዬ ግን ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ የእኛን ስም ጠርታ ስትጨርስ «ያንንም የማላውቀውን ሰው አስብልኝ» ትላለች።