የኦዝራ አማች

በኢራኗ ካሻን ከተማ ውስጥ በኦዝራ እጅ ሳታልፍ የተዳረች ሴት ካለች፣ ወይ ከሌላ አገር የመጣች ናት ወይ ትዋሻለች። ኦዝራ ፊት በክር የምታጠራ፣ ቅንድብ የምትቀነድብ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የክሩን አንድ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ሌላውን በጣቶቿ ወጥራ፣ የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ እያስለቀሰች ስታሳምር ኖራለች። በእነሱ ዘንድ ልጃገረድ ፊቷን አታስነካም። ቅንድቧ እንደበቀለ ይቆይና የሰርጓ ዋዜማ ሴቶች ተሰብስበው፣ እልልታው እየቀለጠ፣ ያን ቀን ነው ክር የሚነካት። ስለዚህ አንዲት ሴት ባል እንዳላትና እንደሌላት ለማወቅ ጣቷ ላይ ቀለበት የሚፈልግ የለም። ቅንድቧን ማየት ይበቃል።

ኦዝራ የሌላ ሰው ልጅ እያሳመረች የምታስበው ግን ስለ አንድ ፊት ብቻ ነበር። አንድያ ልጇ ራዚዬ ቴህራን ውስጥ ነርስነት ትማራለች። ቅንድቧ ጥቅጥቅ ያለ፣ መሐል ላይ ሊገጥም ትንሽ የቀረው ነው። "ይሄን ቅንድብ የምቀነድብበትን ቀን ብቻ ያሳየኝ፣ ከዚያ በማግስቱ ልሙት" ትላለች ኦዝራ። ማጋነን ትወዳለች።

ሻሁ አገር ጥሎ የሸሸበት ዓመት መጣ። ሕዝቡ መንገዱን ሞላው፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ነዳጅ ላይ የተኛ አገር ለምድጃው ላምባ ፍለጋ በበረዶ ላይ ተሰለፈ። ሙሽራም ጠፋ፤ በዚያ ሁሉ ደም ላይ ማን ደፍሮ ይደግሳል? የራዚዬ ደብዳቤ ከተቋረጠ አርባ ቀን አለፈው። እናት ከዚህ በላይ ምን ያሳብዳታል?

አንድ ጠዋት ኦዝራ የፊት ለፊት ጎረቤቷን የሞኒርን ፊት እየሠራች ነበር። ሞኒር የሰፈሩ ሬዲዮ ናት፤ ልዩነቱ ሬዲዮ አንዳንዴ ይዘጋል። የግቢው በር ተንኳኳና ጥቁር ቻዶር የተከናነበች ሴት ገባች። ራዚዬ ነበረች። ቻዶር ጠልታ ያደገች ልጅ ተከናንባ መምጣቷ አንድ ነገር ነው። ቻዶሩ ወደ ኋላ ሸርተት ሲል ግን ኦዝራ ያየችውን ማመን አቃታት። ክሩ ከጥርሷ ወደቀ። የልጇ ቅንድብ ተቀንድቧል።

"ኧረ ጉድ!" አለች ሞኒር፣ ግማሽ ፊቷ ተሠርቶ ግማሹ እንደቀረ ብድግ ብላ። "ራዚዬ ተዳረች? እትዬ ኦዝራ፣ እኛን ደብቀሽ? ጣፋጩን ብቻሽን በላሽው?"

ኦዝራ የወደቀውን ክር አነሳች። ሴትየዋ ከዚህ በር በወጣች በሰዓቱ የልጇ ስም ገበያ መሐል ይወድቃል፤ የወደቀ ስም ደግሞ ማን ያነሳዋል? ሳታስብ አፏ ቀደማት።

"ኒካው ቴህራን ታሰረ እኮ። ሰው እየሞተ ምን ድግስ አለ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

"ማንን አገባች?"

"ጀምሺድ ይባላል። መሐንዲስ ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሞኒር ያልተሠራ ጉንጯን በቻዶሯ ሸፍና ወሬዋን ይዛ በረረች።

ኦዝራ በሩን ቀርቅራ ተመለሰችና ልጇን በጥፊ መታቻት።

"ማነው? ስሙን ንገሪኝ!"

"ማንም የለም እማ።"

"ታዲያ ቅንድብሽ በራሱ ጊዜ ረገፈ?"

"ወታደሮቹ አውቶቡስ ሲያስቆሙ መጀመሪያ የሚያስወርዱት ተማሪ የምትመስለዋን ልጃገረድ ነው" አለች ራዚዬ ጉንጯን ይዛ። "ባለትዳር ሴት ሽንኩርት በዘንቢል ይዛ ብታልፍ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። እኛ ደግሞ የተቃውሞ ወረቀቱን የምናሳልፈው ከሽንኩርቱ ሥር ነው። እና መኝታ ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብለን አሥራ ሁለታችንም ተቀነደብን።"

ኦዝራ ባለችበት ቁጭ አለች። አሥራ ሁለት ልጃገረዶች! አሥራ ሁለት እናቶች! ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ቀን ያለ እልልታ፣ ያለ እሷ፣ ተማሪ ቤት ውስጥ አልፏል።

"በምን ክር?" አለች በመጨረሻ።

"በልብስ ስፌት ክር።"

"የቷ እጀ ሰባራ ናት የሠራችሽ? ግራው ወደ ላይ ሸሽቷል።"

ራዚዬ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ግን ወዲያው ተሰበረ። "ሾኩፌ ናት። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰልፍ ላይ አጠገቤ በጥይት ወደቀች። ሬሳዋን በጭነት መኪና ወሰዱት። የት እንደቀበሯት የሚያውቅ የለም። ለቅሶ እንኳ የተቀመጠላት የለም።"

ኦዝራ ተነስታ ሳሞቫሩን ለኮሰች፣ ሻይ ቀዳች፤ ሁለቱም ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

ውሸቱ ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቃቸውም። ሞኒር በየቀኑ ትመጣለች። ሙሽራው የት አለ? ምነው ስልክ አይደውልም? በአሥረኛው ቀን ላምባ ወረፋ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንቺ፣ ይሄ መሐንዲስ ሚስቱን ረሳት፣ ወይስ ድሮም አልነበረም?" አለች። ከኋላ አንዷ ኪኪኪ ብላ ሳቀች።

ብርዱም፣ ንዴቱም፣ ውርደቱም አንድ ላይ ሆኑባት። "ተገድሏል!" ብላ ጮኸች ኦዝራ። "ሞቷል! አሁን ደስ አለሽ?"

የሞኒር ጀሪካን ከእጇ ወደቀ። ኦዝራን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ሰልፈኛው ወረፋውን ለኦዝራ ለቀቀላት። ላምባዋን ቀድታ ስትመለስ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሏት ነበር፤ የዋህ።

በማግስቱ በሯን ስትከፍት ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሎበታል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም "ሰማዕቱ ጀምሺድ አልሞተም!" ተብሎ ተጽፏል። እርግጥ ነው አልሞተም፤ ሳይወለድ እንዴት ይሞታል? ከሰዓት ቤቱ በሴት ጢም አለ። ለሟች የሚቀርበው ጣፋጭ፣ ሐላዋ፣ ትሪ በትሪ ላይ ተደረደረ። በየለቅሶ ቤቱ ቁርአን የሚቀሩት አሮጊቷ ሙላ ሶግራ ተጠርተው መጡ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ እንባቸው እውነተኛ ነው። ኦዝራ በድንጋጤ ደርቃ ታያቸዋለች።

"ቁመናውን ብታዩት!" ትላለች ሞኒር ንፍጧን እየጠረገች። "አንዴ አውቶቡስ መናኸሪያ አይቼዋለሁ። ዝግባ ነው!"

ራዚዬ መሐል ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። እናቷ ጠጋ ብላ በጆሮዋ፣ "ትንሽ አልቅሺ እንጂ፣ ሰው ያያል" አለቻት።

ሙላ ሶግራ መጽሐፋቸውን ገለጡ። "ልጄ፣ ለነፍሱ ፋቲሃ ልቀራ ነው። የሟቹን ስም ከነአባቱ ንገሪኝ።"

"ሾኩፌ" አለች ራዚዬ።

"ማን አልሽኝ?"

"ሾኩፌ። የሞተችው እሷ ናት።"

ለቅሶው ረገብ አለ። "ሾኩፌ ደግሞ ማናት?" አለች ሞኒር፣ ወደ ኦዝራ ዞራ። ሁሉም ወደ ኦዝራ ዞሩ።

መልሱ ምላሷ ላይ ደርሷል። "ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶት ነው" ማለት ብቻ ይበቃል። ሁሉም ያምኗታል፣ ይባስ ብለው ያለቅሳሉ፣ የልጇም ስም እንደተከበረ ይኖራል። አፏን ከፈተች። ያኔ ስሟን የማታውቀው የሾኩፌ እናት ታየቻት፤ የሆነ ከተማ ውስጥ በር በሩን እያየች ደብዳቤ የምትጠብቅ፤ ለልጇ በስህተት እንኳ ያለቀሰላት የሌለ። ኦዝራ ፈርታለች።

"ልጄ እውነቷን ነው" አለች። "ጀምሺድ የሚባል ሰው የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ልጄ አላገባችም። የተገደለችው ጓደኛዋ ናት። የምታለቅሱ ከሆነ ለእሷ አልቅሱ።"

እንባው በአንድ ጊዜ ቆመ። አንዷ ሳቀችና አፏን ያዘች። ሞኒር ተነስታ የሐላዋ ትሪዋን ከመሐል አነሳች።

"ታዲያ ቅንድቧን ማን አስቀነደባት?" አለች፤ መልስ ግን አልጠበቀችም። አንድ በአንድ ተነሱ፣ በር ላይ ጫማቸውን እየፈለጉ ወጡ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ላልነበረ ሰው ደረታቸውን ሲደቁ የነበሩ ሴቶች፣ ለነበረችው ልጅ አንዲት ጠብታ አልተረፋቸውም። ኦዝራ ይህን እስክትሞት ድረስ ልታምነው አልቻለችም።

ሙላ ሶግራ አልተነሱም። ጉልበታቸው አሟቸው ይሁን በሌላ ምክንያት፣ እሳቸው ያውቃሉ።

"የልጅቷ አባት ማን ይባላል?" አሉ።

"አላውቅም" አለች ራዚዬ። "ተይዘን ብንደበደብ እንዳናወጣ፣ የአባት ስም አንጠያየቅም ነበር።"

"የእናቷስ ስም?"

ራዚዬ ራሷን ነቀነቀች፤ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች፤ ኦዝራ አቅፋት አብራ አለቀሰች።

አሮጊቷ ወደ እነሱ ተጠጉ። "የእናቱ ስም ያልታወቀ ሟች የሚጠራበት ስም አለ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "ለሔዋን ልጅ፣ ለሾኩፌ።"

መቅራት ጀመሩ። በክፍሉ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ።