በአንድ ስክሪን አንድ ሰላምታ

አያቴ ከገጠር ከድብ ባሕር ተነስተው ማራኪ ሰፈር ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ ሲመጡ፣ ገና ሳይቀመጡ «ስልክሽን አምጪ፤ ፊደሉን አሳድጊልኝ» ይሉኝ ነበር። ደባርቅ ያለችው አክስቴ የላከችላቸውን መልእክት በአንድ ስክሪን አንድ ሰላምታ ብቻ እስኪታይ አሳድገዋለሁ።

«እንዴት ሰነበቱ?» የሚለውን ያነቡና ጮክ ብለው «እግዜር ይመስገን» ይላሉ። «ከብቱስ?» ሲመጣ «ሸጋ ነው።» ጣቴ ከቀደማቸው ይቆጣሉ፦ «ምነው ቸኮልሽ? ሰላምታ ሳይመልሱ ይታለፋል?»

ከቀብራቸው ስመለስ ፊደሉን አሳነስሁት። የአክስቴ ረጅም መልእክት ባንድ እይታ አለቀ። አስጠላኝ፤ አሳደግሁት፤ ደግሞ አሳነስሁት። መቀመጥም አቃተኝ።

አሁን መልሼ አሳድጌዋለሁ። ስክሪኑን የሞላው የአክስቴ «እንዴት ነሽ?» ነው። ደኅና ነኝ ማለት አልቻልሁም፤ ሳልመልስ ደግሞ አይታለፍም።