የዋንዛው በርጩማ

በደርግ ጊዜ መተማ ዮሐንስ አናጢ ነበርኩ። አዲስ እንጨት አሮጌ በማስመሰል ደግሞ የሚስተካከለኝ አልነበረም። መሰርሰሪያው ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሜ ጀነሬተሩን ሳስነሳው ለስላሳው እንጨት ተፍቆ ጅማቱ ይቀራል፤ የተቃጠለ ዘይት ሳጠጣውማ የቅድመ አያት ዕቃ ይሆናል።

አንድ ቀን ከድንበሩ ማዶ ሱዳን፣ የገላባት ነጋዴ ያዘዘኝን የዋንዛ በርጩማ ተሸክሜ ልሻገር ስል የኬላው ፈታሽ ያዘኝ።

"ቅርስ ልታሸሽ ነው?"

"ኧረ ጓድ፣ በዚህ ሳምንት በገዛ እጄ የሠራሁት ነው!"

"እኔን ልታሞኝ?" አለና ወደ እስር ቤቱ ጠቆመኝ። በቅርስ መያዝ ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም። እኔ ግን ሥራዬን አውቃለሁ፤ ምን ያስፈራኛል?

"የድሮ ዕቃ የሚያውቅ ሽማግሌ ይጠራና ይፍረደን" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

የከተማው አንጋፋ አባ ተገኘ ተጠሩ።

"አባባ፣ እስቲ ይዩልን። አዲስ ነው አሮጌ?" አላቸው ፈታሹ።

አገላብጠው ዳሰሱት። ብሩሹ አምልጦኝ የቦጨቀው እግር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ዕንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

"የአባቴ በርጩማ! ጥርስ ሳበቅል የጋጥኩት ይኸውላችሁ!"